የመኝታ ቤቱ እጀታ

አቶ ዳምጤ የመኝታ ቤቱ በር ሥር ተንበርክከው ሦስተኛውን ብሎን ሲያጠብቁ፣ ካቻቢቴው ከእጃቸው አምልጦ አልጋው ሥር ገባ። ጉልበታቸው እንኳን አልጋ ሥር ሊያስገባቸው፣ ወንበር ላይ ሲቀመጡም የሚያጉረመርም ነው። ቢሆንም በደረታቸው ተስበው፣ አቧራውን በሸሚዛቸው ጠርገው አወጡት። ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል። ልጃቸው ኑሃሚን ስድስት ሰዓት ላይ ትደርሳለች።

ኑሃሚን አዳማ ነው የምትኖረው። ዛሬ እሁድ በመሥሪያ ቤቷ መኪና ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ስትሄድ እሳቸው ያሉበት ጭሮ ላይ ወርዳ፣ ምሳ አብራቸው በልታ ታልፋለች። ሐሙስ በዚያው መኪና ትመለሳለች። "እንደው አይቼህ ልለፍ ብዬ ነው አባዬ" ነበር ያለችው በስልክ። አቶ ዳምጤ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እንደው አይቼ ልለፍ እያለ የሚመጣ ኢንስፔክተር ስንቱን አሳልፈዋል። ልጅቷ የምትመጣው አባቷ ብቻውን መኖር ይችል እንደሆነ ለመመርመር ነው። አንድ የተበላሸ ነገር ካገኘች ሐሙስ ስትመለስ ጭናቸው ትሄዳለች፤ አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ባለቤታቸው ወሰንየለሽ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በየሳምንቱ "ና" ትላለች፣ እሳቸውም በየሳምንቱ "እዚህ ሰው አለኝ" ይላሉ።

የተበላሸው ነገር ደግሞ ይኸው እጀታ ነበር።

እጀታው ካረጀ ቆይቷል። በበሩ ውስጥ የሚያልፈው አራት ማዕዘን ብረት የሚገባበት ቀዳዳ ከአገልግሎት ብዛት ተበልቶ ክብ ስለሆነ፣ ሲጫኑት ባዶውን ይዞራል። ወሰንየለሽ በሕይወት ሳለች ትንሽ ወደ ላይ አንስታ፣ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ትከፍተው ነበር። እሳቸውም ለምደውት ነበር። ከወር በፊት ግን አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነፋስ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው። እንደለመዱት አነሱት፣ ሳቡት፤ የውስጡ እጀታ በእጃቸው ቀረ። የውጩ ደግሞ ብረቱን እንደያዘ ሳሎን ወለል ላይ ወደቀ።

ስልካቸው ሳሎን ቻርጅ ላይ ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት ፌሮ አለው፤ ከፌሮው ወዲያ ወሰንየለሽ ጎመን ትተክልበት የነበረው ጓሮ፣ ከጓሮው ወዲያ የጎረቤት አጥር። መጀመሪያ አፍረው ቀስ ብለው ነበር የተጣሩት፤ ሰላምታ የሚሰጡ ይመስል። እኩለ ቀን ሲያልፍ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ከምሳ በኋላ ግን ጭሮ ውስጥ ሰው የሚገኘው በርጫ ላይ ነው። በየቤቱ በሩ ተዘግቶ፣ ፍራሹ ተነጥፎ፣ ጫቱ መሐል ላይ ተቀምጦ፣ ጨዋታው ይደራል። አቶ ዳምጤ በዕድሜያቸው ጫት ቀምሰው አያውቁም፤ ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለውን ጨዋታም ቀምሰውት አያውቁም። ከአጥሩ ማዶ ሳቅ ይሰማቸዋል። እሳቸው ይጣራሉ፣ እነሱ ይስቃሉ። ሳሎን ያለው ስልክ ይጮሃል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይጮሃል። ኑሃሚን እንደሆነች ያውቃሉ፤ እንዲህ ደጋግሞ የሚደውልላቸው ሌላ ሰው የለም።

ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ የባለቤታቸውን የስፌት መሳቢያ ከፍተው መቀሱን አገኙ። ጫፉን በቀዳዳው አስገብተው አዞሩት፤ በሩ ተከፈተ። ይህን ጠዋት ቢያስቡት ኖሮ ነገሩ የአምስት ደቂቃ ነበር። ያሳመማቸው መዘጋቱ አይደለም። በማግስቱ ገበያ ሲወጡ እንደ ወትሮው አርባ ሰው "ቲቸር" እያለ ሰላም አላቸው፣ እጅ ነሣቸው፣ አንዱም ግን "ትናንት የት ጠፉ?" አላላቸውም። ይህ ነው የጎዳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኝታ ቤቱን በር በጡብ ደግፈው ከፍተው ያድራሉ። እጀታውን ለማስቀየር እያሰቡ ወሩ አለቀ፤ ልጅቷ እመጣለሁ ባትል ሌላም ወር ባለቀ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አሮጌውን በፌስታል ቋጥረው ዘይኑዲን ዘንድ ሄደው ነበር። ዘይኑዲን ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩት ልጅ ነው፤ አሁን መናኸሪያው አጠገብ የቧንቧ፣ የቀለምና የሚስማር ሱቅ አለው፣ ጺሙም መሸበት ጀምሯል።

"አካም ቡልተን ቲቸር?" ሲል እንዴት እንዳደሩ በኦሮምኛ ጠየቃቸው።

"ናጋ፣ ዘይኑዲን። ቤተሰብ ደህና?"

"አልሐምዱሊላህ። ምን ላምጣልዎ?"

ፌስታሉን ፈቱለት። ዘይኑዲን ትንሿን ጣቱን በቀዳዳው ከትቶ አዞራት።

"ይሄማ አልቋል ቲቸር። እንዴት ሲከፈት ነበር?"

"ስትለምደው ይከፈታል።"

"ቀጭኑን ልስጥዎ ወይስ ወፍራሙን? ቀጭኑ ሁለት ዓመት ነው ዕድሜው።"

"ወፍራሙስ?"

"እሱማ እኔንም እርስዎንም ይቀብራል" አለና ወዲያው ደነገጠ። "አስታግፊሩላህ፣ ዕድሜ ይስጥዎ ማለቴ ነው።"

አቶ ዳምጤ ሳቁ፤ ወፍራሙን አስጠቀለሉ። ሊወጡ ሲሉ ዘይኑዲን ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ አለ።

"እኔ መጥቼ ልግጠምልዎ? ሱቁን ዘጋ አድርጌ እመጣለሁ።"

"ተወው፣ የአንድ ካቻቢቴ ሥራ ነው። ሥራህን አትፍታ።"

መንገድ ላይ ተቆጩ። ቢመጣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ ነበር። በደሳ ከተማ አጠገብ ስላለው የአባቱ የቡና ማሳ ይጠይቁት ነበር፣ ስለ ልጆቹም። እሺ ለማለት ልባቸው ተነሥቶ ነበር፤ አፋቸው ቀደመ። ሁልጊዜም እንደዚሁ ነው።

ካቻቢቴውን ከአልጋው ሥር ካወጡ በኋላ አራተኛውን ብሎን አሥረው እጀታውን ተጫኑት፤ አልወርድም አለ። ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የውስጡንና የውጩን አቀያይረው ኖሯል። ለስንት ተማሪ ቀኝና ግራ አስተምረው ሲያበቁ በራሳቸው ሳቁ፤ አራቱንም ብሎን ፈትተው እንደገና ጀመሩ። ሲጨርሱ ስልካቸውን ኪሳቸው፣ መቀሱን እጃቸው ይዘው መኝታ ቤት ገቡና በሩን በራሳቸው ላይ ዘጉ። እጀታውን ተጫኑት፤ ያለ አንዳች ማጉረምረም ተከፈተ። ዘጉ፣ ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። ደስ ብሏቸው ለማን እንደሆነ ሳያውቁት "አየሽው?" አሉ። ሳሎኑ ባዶ ነው። መቀሱን ወደ መሳቢያው መልሰው ለምሳ ፓስታ ጣዱ።

ኑሃሚን በሰዓቷ ደረሰች። ሙዝና የደም ግፊት መድኃኒት ይዛ ገባች፤ ሳመቻቸው፤ ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። ማቀዝቀዣውን ከፈተች፣ የመድኃኒቱን ፍሬ ቆጠረች፣ መታጠቢያ ቤቱን አየች፣ አንሶላውን ዳሰሰች። መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

"አዲስ ነው?"

"አሮጌው ሰለቸኝ።"

"ማን ገጠመልህ?"

"ማን ይገጥምልኛል? እኔ ነኛ።"

ሁለት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። "ባለሙያ የገጠመው ነው የሚመስለው" አለች። አቶ ዳምጤ ስለ ቀኝና ግራው አልነገሯትም።

ምሳ ላይ ፓስታው ትንሽ ከመጠን በላይ በስሎ ነበር፤ እሷ ግን ደግማ በላች። ሹካዋን ካስቀመጠች በኋላ ፊቷ ከበድ አለ።

"የጋሽ ተሻለ አርባ መቼ ነው?"

አቶ ዳምጤ ውሃ አነሡ። ያን ማክሰኞ ማታ ስልኩን ሲያነሡት ልጅቷ እያለቀሰች "የት ነበርክ?" ስትላቸው፣ "ሂርና ለቅሶ ሄጄ ስልኬን ቤት ረስቼ" ብለው ነበር። "ማን ሞተ?" ስትል አፋቸው ላይ የመጣው "ተሻለ" የሚለው ስም ሆነ። ተሻለ ሃያ ዓመት አብሯቸው ያስተማረ፣ አሁን ሂርና የደብተር ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠ ወዳጃቸው ነው። ጤነኛ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደውሎላቸው ነበር፤ አላነሡም። የቀበሩትን ሰው እንዴት አድርገው ያናግሩት?

"የሚመጣው ሳምንት መሰለኝ" አሉ።

"እኔንም እኮ ሒሳብ አስተምሮኛል። አሁን በሂርና ስናልፍ ሾፌሩን ኪሮስን መኪናውን አስቁሜ ባለቤቱን እግዚአብሔር ያጽናሽ ልበላት።"

"የለችም። ልጇ ድሬዳዋ ወስዷታል።"

"ታዲያ እዚያው አገኛታለሁ፣ ስልኳን ስጠኝ።"

"ስልኳ የለኝም።"

ኑሃሚን ራሷን ነቀነቀች፤ አመነች። አቶ ዳምጤ እንዲህ በቀላሉ መታመናቸው አሳፈራቸው። ሳህኖቹን ካነሣች በኋላ ተመልሳ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

"አባዬ፣ እውነቱን ልንገርህ። ያን ቀን ስልክ ሳታነሣ ቀርተህ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ሐሙስ ስመለስ ብትወድም ብትጠላም ይዤህ ልሄድ ወስኜ ነበር። ክፍሉን ቀለም አስቀብቼዋለሁ።"

"ኑሃሚን..."

"ቆይ፣ ልጨርስ። ዛሬ ሳይህ ግን ነገሩ የኔ ጭንቀት እንጂ ያንተ ችግር አይደለም። ቤትህ ንጹሕ ነው፣ በርህን ራስህ ትጠግናለህ፣ ሂርና ድረስ ለቅሶ ትደርሳለህ። ሰው አለህ። ከእንግዲህ ና እያልኩ አላስቸግርህም።"

አራት ዓመት የታገሉት ይህችን ቃል ለመስማት ነበር። "ጥሩ አሰብሽ" አሉ። ደስታው እስኪመጣ ጠበቁ፤ አልመጣም። በየሳምንቱ "ና" የሚላቸው ሰው የነበረው እሷ ብቻ ነበረች። እንቢ ይሉ የነበሩትም ዳግመኛ እንደምትጠራቸው እርግጠኛ ስለነበሩ ነው። አሁን ስትደውል ስለ ምን ያወራሉ? ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ዝናብ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ቦርሳዋን ይዘው ሸኟት። ጎረቤታቸው ፋጤ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ጫቷን ታቅፋ በጥድፊያ ታልፋለች።

"ቲቸር፣ ልጅ መጣች? ማሻአላህ፣ አደገች።"

"ሄደች እንጂ መጣች ይባላል ፋጤ?"

"በሰላም ግቢ የኔ ልጅ" ብላ ሳትቆም ቤቷ ገባች፤ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ከውስጥ የሰው ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ሳቅ።

ኑሃሚን ከሾፌሩ ከኪሮስ ጎን ተቀምጣ መስታወቱን ዝቅ አደረገች።

"ሐሙስ በዚህ ስታልፉ..." አሉ አቶ ዳምጤ።

"ሐሙስ አንቆምም አባዬ፣ ሳይመሽ አዳማ መግባት አለብን። እደውልልሃለሁ።"

ኪሮስ ማርሽ አስገባ። አቶ ዳምጤ እጃቸውን መስታወቱ ላይ ጣሉ።

"ሂርና ስትደርሺ ግን ቁሚ።"

"ለምን? ባለቤቱ የለችም አላልክም?"

"ተሻለን ሰላም በይልኝ። ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ፤ ደህና ነው። የገደልኩት እኔ ነኝ።"

ኪሮስ ሳይነገረው ሞተሩን አጠፋ።

"ያን ቀን የትም አልሄድኩም" አሉ አቶ ዳምጤ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መንገዱን ግራና ቀኝ እያዩ። "መኝታ ቤት ተዘግቶብኝ ነው የዋልኩት። እጀታው ወልቆ። ስትደውይ እሰማሽ ነበር።"

"ቀኑን ሙሉ?"

"እስከ መግሪብ።"

"ማንም አልመጣም?"

"ማን ይመጣል? ሰላምታ ነው ያለኝ እንጂ ሰው የለኝም።"

ኑሃሚን አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። መስታወቱ ላይ ያለውን እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችው። አቶ ዳምጤ የተዘጋውን የፋጤን በር አዩ።

"ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የምታልፉት? ሻንጣዬን ይዤ ልጠብቅ።" አሉ።