ዕጢው ስብ ይወዳል

«አንዲት ጠብታ ቅቤ በአፉ አልዞረም» አለች ሠርክአዲስ። «ከኅዳር ጀምሮ። የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ።»

አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ራሳቸውን ወዘወዙ። ባሏ ባንታየሁ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። የ1999 ሚያዝያ ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም፤ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ያለው የቤታቸው ግቢ ሣር በለቀስተኛ እግር ተረግጦ ጭቃ ሆኗል። ድንኳኑ ውስጥ ሻይ በወረቀት ኩባያ ይዞራል።

ጥያቄውን ያነሳችው ሐሊና ነበረች። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። እናቷ ባንታየሁን በገደለው በዚያው በሳንባ ካንሰር ከታመሙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል።

«ማሚ ምንም አትበላም፣ እትዬ ሠርክ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ክትፎ ብቻ ነው የምትለው። ዳክታሪው ደግሞ ያማራትን ስጧት ይላል። ኮንፊዩዝድ ሆኛለሁ።»

«ሐኪሙ ምን ቸገረው፤ የሱ እናት አይደለችም» አለቻት ሠርክአዲስ። «ዕጢው ስብ ይወዳል። የምትሰጫት ቅቤ የሚሄደው ለሷ ሳይሆን ለሱ ነው። ይህን ከመንገድ አልሰማሁትም። ሱራፌል ነው የነገረኝ፤ እሱ ሥራው ነው።»

ሴቶቹ ወደ ወንዶቹ በኩል ዞሩ። የሟች ታናሽ ወንድም ሱራፌል ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። አንገቱን ደፋ። እነሱም ሐዘን ነው ብለው ተዉት።

ባንታየሁ ዌስትላንድስ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችው። በአራት ጠረጴዛ ጀምሮ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቶባታል። ከበር ላይ ቆሞ በማሽተት ብቻ ሽንኩርቱ መብሰል አለመብሰሉን ይናገር ነበር። ወንድሙን ሱራፌልን በአሥራ አራት ዓመቱ ከደሴ ያመጣው እሱ ነው። ልጁ የኬሚስትሪ ደብተሩን ምግብ ቤቱ ጓዳ ውስጥ፣ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሲያጠና፣ ባንታየሁ በየሰዓቱ በጭልፋ የሚቀመስ ነገር ይዞ ብቅ ይላል። ሱራፌል ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የምርምር ላቦራቶሪ ሲቀጠር ለደንበኞቹ፣ «ወንድሜም እንደኔ ወጥ ሠሪ ሆነ፤ የሱ ግን አይበላም» እያለ አሳቃቸው።

ባለፈው ጥቅምት የግራ ሳንባውን ከፊል አውጥተውለት ነበር። ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሟ መጥታ፣ ከሚወጣው ላይ ትንሽ ቆርጠው ለጥናት እንዲያስቀሩ ፈቃዱን ጠየቀችው። በካንሰር የተያዘ ሳንባ ውስጥ ያለው ስብ ከጤነኛው እንዴት እንደሚለይ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ አለችው። ባንታየሁ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

«እኔ ስንት ሥጋ መትሬ ለሰው አቅርቤአለሁ» አለ እስክሪብቶውን ሲመልስላት። «አሁን ተራው የኔ ነው።»

ናሙናው የሄደው ሱራፌል ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ ነበር። በላዩ ቁጥር እንጂ ስም የለውም፤ የማን እንደሆነ ማወቅም አይገባውም ነበር። በዚያ ሳምንት የመጣው ግን አንድ ብቻ ነው። ሱራፌል የወንድሙን ዕጢና ከዕጢው ጎን የተቆረጠውን ጤነኛ ሳንባ ለየብቻ ፈጭቶ፣ ስባቸውን በፈሳሽ አጥቦ አወጣና መስተዋት ላይ ጎን ለጎን አንጠባጠበው። ከጤነኛው የወጣው ሳሳ ብሎ ታየ። የዕጢው ግን ስብ የበዛበት፣ ደማቅ ነበር፤ ሌላው ላይ የሌለ ምልክትም ነበረው።

ቅዳሜ ዕለት የመስተዋቱን ፎቶ ይዞ ኪሊማኒ ሄደ። ባንታየሁ ትራስ ተደግፎ ፎቶውን አየና ማንኛውም ወጥ ሠሪ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«ይህን ሁሉ ስብ ከየት አመጣው?»

ሱራፌል ሊያስረዳ ጀመረ። የወንድሙ ዓይን ግን ድካም ይዞት ሲከደን አየ። ሠርክአዲስ ሻይ ይዛ ገባች። ረጅሙን መልስ ትቶ አጭሩን ሰጠ።

«ዕጢው ስብ ይወዳል» አለ።

በሳምንቱ ሠርክአዲስ ደወለችለት። እጁ ሥራ ላይ ስለነበር ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ይዞ ነው ያናገራት። «ሱራ፣ እንግዲህ ቅቤና ሥጋውን ባቆምበት ይሻላል፣ አይደል?» ስትለው፣ ዓይኑን ከብልቃጡ ሳያነሳ «አዎ፣ ይሻላል» አላት። ከዚያ በኋላ ሊጠይቀው በሄደ ቁጥር ወንድሙ ከስቶ ያገኘዋል። አንድ ቀን ባንታየሁ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «ሠርክ ወጥ አሠራር ጠፋባት» አለው። ሱራፌል ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ከሣልስቱ በኋላ ባሉት ቀናት ሱራፌል ከድንኳኑ አልጠፋም። ወንበር ያወጣል፣ እንግዳ ይቀበላል። ከኋላው ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ሰማ።

«ሲጋራ እንኳ የማያጨስ ሰው።»

«የኩሽና ጭስ ነው ይላሉ።»

«ማን ያውቃል። ሚስቱ ግን አስታመመች። እንደ ሕፃን ነው የጠበቀችው።»

ዝም ማለት እንደሚሻል ለራሱ ደጋግሞ ነገረው። ሞቷል፤ አይመለስም። ይህችን ሴት አሁን ቀጥ አድርጎ የያዛት፣ ጠበቅሁት ማለቷ ብቻ ነው። ይህንንም ከቀማት ምን ይተካላታል?

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት ሐሊና እንደገና መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ዛሬ እምቢ አልኳት» አለች ለሠርክአዲስ። «ስታለቅስ ዋለች። ማሚ አልቅሳ አታውቅም እኮ።»

«በርቺ» አለቻት ሠርክአዲስ እጇን ይዛ። «እኔም እንዲሁ ነበርኩ።»

ሱራፌል ከተቀመጠበት ተነሳ። ሠርክአዲስ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ስትሄድ ተከትሏት ሄደ፤ የውሃው ታንከር አጠገብ ደረሰባት።

«እትዬ፣ ሐሊና እናቷን መከልከሉን ትተወው።»

«ለምን?»

«ቅቤው ምንም አያደርግም። ዕጢው ስቡን የሚሠራው ራሱ ነው። ከስኳርም፣ ካገኘው ከምንም ነገር ይሠራዋል። ሰውየው ቅቤ በላ አልበላ ብሎ አይጠብቅም። ፎቶው ላይ ያሳየኋችሁ እሱን ነበር። ስብ ይወዳል ያልኩት ለማሳጠር ብዬ ነው።»

ፊቷን ሳታብስ አየችው።

«ደውዬልህ ነበር።»

«ደውለሻል።»

«ይሻላል አልከኝ።»

«አልኩሽ። ምን እንደጠየቅሽኝ እንኳ ልብ ብዬ አልሰማሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እንድትጮህበት ጠበቀ። አልጮኸችም። ታንከሩን ተደግፋ እሱ ያላሰበውን ጠየቀችው።

«የፋሲካው ዕለትስ?»

«የፋሲካው ዕለት ምን?»

«አብልቼዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ለሰው ሁሉ በአፉ አልዞረም እላለሁ። ውሸቴን ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ 'ሠርክ፣ ዛሬ እንኳ' አለኝ። አላስቻለኝም። ዶሮውን ቅቤ አድርጌ ሠራሁለት። ሦስት ጊዜ ጎረሰ። ከዚያ ምን ምን እንደጨመርኩበት አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ኮረሪማው በዛ አለኝ። በዘጠነኛው ቀን ሞተ። አምስት ወር ጠብቄ ጠብቄ በመጨረሻ በእጄ ገደልኩት ብዬ... ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።»

«አልገደልሽውም።»

«እርግጠኛ ነህ? አሁንም ለማሳጠር ብለህ እንዳይሆን።»

በዚህ ጊዜ ረጅሙን ነገራት። በሽታው ገና ጾሙ ሳይገባ ጉበቱና አጥንቱ ላይ መድረሱን፣ ሐኪሟ ያሳየችውን የራጅ ፎቶ፣ እዚያ ለደረሰ ሰው ምግብ ጉልበት ከመሆን በቀር ሌላ ነገር እንደማያደርግ፣ ምንም ሳይዘል አስረዳት። ያልገባትን ጠየቀች፤ መለሰላት። እሱ የማያውቀውንም አላውቀውም አላት።

«ያ ዶሮ አንዲት ቀን አልቀነሰበትም» አላት በመጨረሻ።

ያን ጊዜ አለቀሰች። በቀብሩ ዕለት እንኳ ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰች፤ ትከሻዋ ሲወርድ፣ ለዘጠኝ ቀንና ከዚያም በኋላ የተሸከመችው ነገር ሲለቃት ሱራፌል አየ። ወዲያው ግን ልቅሶዋ ተቋረጠ።

«እንዲያ ከሆነ ሌላውን ቀን ለምን ከለከልኩት?»



«ኅዳር። ታኅሣሥ» አለች ጣቷን እያጠፈች። «ገናን በዘይት ነው ያዋልኩት። ጥር... ጾሙ ሲገባ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ታውቃለህ? ቄሱ እኮ ታማሚ ነው ብለው ፈቅደውለታል። ጾም ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ምንም አላለኝም። ለኔ ብሎ ዝም አለ።»

ዝናቡ አባርቷል። ሠርክአዲስ ፊቷን ታጠበች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እሱን ሳትጠብቅ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። ሐሊና ፊት ስትቆም ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ።

«ሂጂና የጠየቀችሽን ስጫት» አለቻት።

«እርስዎ ግን...»

«ተሳስቼ ነው። ክትፎ ካለችሽ ክትፎ ስጫት። ዛሬውኑ። እኔን እንዳትሰሚ።»

ሐሊና አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ከኋላዋ የመጣውን ሱራፌልን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ፣ የሠርክአዲስን ጉልበት ስማ፣ ወደ በሩ ሮጠች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ጎረቤታቸው እማማ አያልነሽ የሠሩትን ምግብ በትሪ አምጥተው ሠርክአዲስ ፊት አስቀመጡ። «ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም» አሏት። «ሱራፌል፣ አንተም ና፤ አብረሃት ብላ።»

ሱራፌል መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ፤ እጁን ግን ወደ ትሪው አልሰደደም። ሠርክአዲስ እንጀራውን ቆረሰች፣ ከወጡ አጥቅሳ በደንብ ጠቀለለችው፤ ከዚያ ለሃያ ዓመት እንደለመደችው እጇ ወደ ቀኝ ዞሮ ባዶ ቦታ ላይ ቆመ። ቅቤው በአውራ ጣቷ በኩል ወደ አንጓዋ ወረደ። ጥቂት እንደዚያው ከቆየች በኋላ፣ ፊቱን ሳታይ ወደ ሱራፌል አፍ አዞረችው።