ብር የለበሰው ሠረገላ

«ሬሳው ሳይበርድ መጣህ? አንተ ጆፌ አሞራ!»

የሟቹ ወንድ ልጅ የአባቱን ወዳጅ፣ ሽማግሌውን ሰዓት ሠሪ፣ በኮሌታው አንቆ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ወንበር ወደቀ፤ የሟቹ ፎቶ የቆመበት ጠረጴዛ ተናጋ፤ ለቅሶ ደራሾቹ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አለች አክስታቸው።

ሽማግሌው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የሟቹን የሳንቲም ሣጥን ለሴት ልጁ ልክፈትላት።

«ልቀቀው» አለች እህቱ።

«አንቺ ሹካ ዝም በይ! ለአባትሽ አንዲት ዘለላ እንባ የነፈግሽ!»

ሹካ የልጅነት ቅጽል ስሟ ነው። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተሰብረው እንደተገተሩ ቀርተዋል፤ አይታጠፉም። አላለቀሰችም፣ እውነቱን ነው። ከቀብሩ ሦስተኛ ቀን ሆነ፤ አክስቷ ጓዳ ውስጥ «የሰው ፊት እንኳ አታፍርም?» ስትል ሰምታለች። ማልቀስ ጠልታ ግን አይደለም። እንባው ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣና ጣቶቿን ስታይ ተመልሶ ይወርዳል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ ያንቺ ነው ስትባል ኖራለች። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «አይደለም» ቢላት አባቷን ታለቅስ ነበር።

ሟቹ በወጣትነቱ ጋሪ ነጂ ነበር። ኋላ ሦስት የጭነት መኪና ገዛ፤ አለንጋውን ግን ከበሩ ጀርባ አላወረደም። ለፈረስ የተገዛው አለንጋ ለሚስትም ለልጅም አገለገለ። አንጀቱን የሚበሉት የጥንት ሮማውያን የብር ሳንቲሞች ብቻ ነበሩ፤ ያውም ሠረገላ የተቀረጸባቸው። ባለ ሁለት ፈረስ፣ ባለ አራት ፈረስ፣ ነጂው ልጓም ጨብጦ ሲከንፍ። «አያችሁ? እነዚህም እንደኔ ጋሪ ነጂዎች ናቸው! የኔን ፊት ግን ማን ይቀርጸዋል?» ብሎ ይስቃል። ያ ሰው ሲስቅ ደግሞ፣ አይ ሲስቅ፣ ቤቱ ይሰፋ ነበር። እያንዳንዱን ሳንቲም ባለ መሳቢያ ሣጥኑ ውስጥ፣ በቬልቬት ጉድጓድ ያስቀምጥና፣ ምን እንደሆነና ከማን እንደገዛው የጻፈበትን ክብ ወረቀት ከሥሩ ያደርጋል።

ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከሁሉ የሚወደው ባለ አራት ፈረሱ ጠቁሮ የነጂው ፊት አይታይም። ደስ ላሰኘው ብላ አመድና ሎሚ አምጥታ አሸችው። አሮጌ ብር እንደማይታሽ፣ ጥቁረቱ ዕድሜው እንደሆነ ማን ነገራት? ፊቱ ሊወጣ ሲል ከሥሩ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ደንግጣ ወደ መሳቢያው ልትመልሰው እጇን ስትከት አባቷ ከኋላዋ ቆሟል።

መሳቢያውን በጫማው ረግጦ ዘጋው። እጇ እውስጡ ነው። ከፈተና ደገመው። ለሐኪሙ «በር ተዘግቶባት ነው» አለው፤ ከዚያ ወዲያ እሷ በዚያ ቤት የአባቷን ብር ያበላሸች ልጅ ሆና ቀረች።

«ራሱ ነው ያዘዘኝ!» አለ ሰዓት ሠሪው እንደታነቀ። «ሆስፒታል ተኝቶ፣ ቁልፉን ሰጥቶኝ። ስሞት የታችኛውን መሳቢያ ለሷ ክፈትላት፣ አለኝ።»

«ውሸታም!»

የወንድሟ ቡጢ የሽማግሌው አፍንጫ ላይ አረፈ። የአባቱ ቡጢ ነው፣ ቁርጥ የአባቱ። ደሙ ነጭ ሸሚዙን ቀይ አለበሰው። እሷ መሐላቸው ገብታ ቁልፉን ከሽማግሌው መዳፍ ወሰደችና ሣጥኑ ፊት ተንበረከከች። ቀኝ እጇን ከጀርባዋ ደብቃ የታችኛውን መሳቢያ በግራዋ ሳበችው።

አንድ ሳንቲም ብቻ አለ። አራቱ ፈረሶች ቀይና ነጭ ሆነዋል፤ የነጂው ፊት ግማሹ የለም። አንስታ ከሥሩ ያለውን ወረቀት አወጣች። ጽሕፈቱ የአባቷ ነው፤ ቀኑ ጣቶቿ ከተሰበሩ ስምንተኛው ቀን።

ወንድሟ ነጥቋት ጮክ ብሎ አነበበው። «ባለ አራት ፈረስ። ውስጡ መዳብ ነው፤ የጥንት አጭበርባሪ ብር ያለበሰው። እኔ አላወቅሁም። ልጄ...» ድምፁ ተቆረጠ። «ልጄ ደረሰችበት።»

እሷ ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረች።

«ያውቅ ነበር?» አለች።

«እኔ ነኝ የነገርኩት፣ በሳምንቱ» አለ ሰዓት ሠሪው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ። «ልጅህ ባታሸው ኖሮ መዳብ ታቅፈህ ስትኩራራ ትሞት ነበር፣ አልኩት። ሂድና ይቅርታ በላት፣ አልኩት። አባት ልጁን ይቅርታ ከጠየቀ ነገ ማን ይፈራዋል፣ አለኝ።»

ብድግ ብላ ፎቶው ፊት ቆመች። አባቷ ይስቃል። ቡጢ ልትጨብጥ ሞከረች፤ ሁለቱ ጣቶች እንደተገተሩ ቀሩ። ስለዚህ እጇን ዘርግታ ባላት ኃይል በጥፊ አጮለችው። መስታወቱ ተሰነጠቀ።

«ኧረ ነውር ነው!» አለች አክስቷ።

«አባባ!» አለች ልጅቷ። «ምናለ አንድ ቀን እንኳ በአፍህ ብትለኝ? ምናለ!»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ወንድሟ ሊይዛት እጁን ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። መስታወቱ መዳፏን ቆርጦታል፤ እሷ ግን እጇን ከአባቷ ጉንጭ ላይ አላነሳችም።