ለሚስስ ፒምብሌት የተሸጠችው ጀልባ

ክላረንስ በሞተ በአራተኛው ወር፣ ሚስቱ ዊኒፍሬድ ጀልባ በሚመላለስበት ሰፊ ቦይ ላይ እንደ ቤት አርባ ዓመት የኖሩባትን ጀልባ ለሚስስ ፒምብሌት በአሮጌ ቁም ሣጥን ዋጋ ሸጠች። ሚስስ ፒምብሌት ሙታንን ያነጋግራሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሳሎናቸው ውስጥ ዐይናቸውን ጨፍነው የክላረንስን ቃል ያመጡላት ነበር።

«ጀልባዋ አስራ ይዛኛለች፤ ለሚስስ ፒምብሌት ሽጪላቸውና ነፍሴ ትረፍ» አላት ክላረንስ በሳቸው አፍ። ፈረመች። አሁን ደግሞ «እስከ ቅዳሜ ልቀቂ» የሚል ደብዳቤ መጣባት።

እኅቷ ሙርየል እየጎተተች ጠበቃ ዘንድ ወሰደቻት።

«አስፈራርታሻለች?» አለች ጠበቃዋ ሚስ ኦልድሮይድ።

«ኧረ! የፍራፍሬ ኬክ ነው የሰጡኝ።»

«እንግዲያው ተገድጄ ነው አትይም። ከመፈረምሽ በፊት ማን መከረሽ?»

«እሳቸው ያመጡት ጠበቃ ነበር። ‹ገብቶሻል?› ሲለኝ ሚስስ ፒምብሌት ‹በደንብ ገብቷታል› አሉት።»

«አንቺስ?»

«በሰው ቤት፣ የሰው ሻይ እየጠጣሁ፣ ‹ኧረ አልገባኝም› ልበል? ነውር አይደል!»

«ጉድ እኮ ነው! በይሉኝታ ቤቷን ሸጠች!» አለች ሙርየል።

ሚስ ኦልድሮይድ እየሳቀች ጠረጴዛውን መታች። «ነፍስሽን አደራ የሰጠሻት ሰው እንዲህ ያለ ውል ስታስፈርምሽ ሕጉ ራሱ ይጠረጥራታል። በነጻ ፈቃድሽ መፈረምሽን የምታስረዳው እሷ ናት። አጠገብሽ ተቀምጣ የተሰጠሽ ምክር ምክር አይባልም፤ ለብቻሽ ነበር መነገር ያለበት። ውሉን አፍርሺው፦ የተቀበልሽውን መልሺ፣ ጀልባሽን ውሰጂ። ካላፈረስሽው ግን ይጸናል። አትዘግዪ፤ ደግሞ አደራ፣ ‹ይሁን› የምትል ቃል እንዳታመልጥሽ፤ ውሉን ታጸናብሻለች።»

ዓርብ ጠዋት ሚስስ ፒምብሌት ኬክ ይዘው ጀልባዋ ላይ ወጡ።

«ክላረንስ ትናንት ሲያለቅስ ነበር፣ የኔ ዓለም። ‹ቃሏን ልታጥፍ ነው?› ይላል።»

«ይሁን» የሚለው ቃል ዊኒፍሬድ ምላስ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«ካለቀሰ እዚህ መጥቶ ያልቅስ፤ ወንበሩ ባዶ ነው» አለችና ገንዘቡንና የጠበቃዋን ደብዳቤ የያዘውን ፖስታ ሰጠቻቸው። «ውሉን አፍርሻለሁ። ይኼንንም ኬክ ይውሰዱት። የፊተኞቹን ግን ይቅር ይበሉኝ፣ በልቼያቸዋለሁ።»

ሚስስ ፒምብሌት ፖስታውን ከፍተው አዩ፤ ፊታቸው ቀላ። ጠበቃ ከገባበት እንደማያዋጣቸው ገብቷቸዋል። ገንዘቡን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «እንግዲህ ማክሰኞ እንዳትመጪ! ድምፁን ዳግመኛ አትሰሚም!» ብለው ወረዱ።

ይቺ ቃል ወጋቻት። ውሸት ሳይሆን አይቀርም እያለችም ማክሰኞን ትናፍቅ ነበር። ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ፣ ክላረንስ በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ያላስነካትን መሪ ጨብጣ ሞተሩን አስነሣች። ጀልባዋ ወደ ግራ ስትላት ወደ ቀኝ ሄደች፣ ዳክዬዎቹን በተነች፣ ከቦዩ ግንብ ጋር ተላተመች።

«ኧረ ልትገድዪኝ ነው!» ብላ ጮኸች ዳር የቆመችው ሙርየል።

ዊኒፍሬድ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እየሳቀችም መሪውን አልለቀቀችም።