የዋሴ ፍሪሲዮን

ዋሴ ጎረቤቱን ሺምዖንን መጠርጠር የጀመረው በ2004 የሙቀት ወራት፣ የመኪናው ፍሪሲዮን መልፈስፈስ ሲያመጣ ነው። ሁለቱም ሮቫ ዩድ በሚባለው የወደብ ከተማ ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ላይ ይኖራሉ። በመኪና ማቆሚያ ቦታ ተጣልተው ከተኳረፉ ሰንብተዋል።

ዋሴ ሌሊት ወደብ ላይ ይሠራል፤ ጠዋት ይተኛል። መኪናውን ለጥገና ሙሳኽ ወስዶ አያውቅም፤ ከሕንፃው ሥር ራሱ ይፈታታል። ፔዳሉ ሲረገጥ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ሲቀርበትና የፍሪሲዮኑ ዘይት ሲጎድልበት፣ የላይኛውን የፍሪሲዮን ፓምፕ በአዲስ ቀየረ። ጥቂት ቀን ደህና ሆነና ዘይቱ እንደገና ጎደለ። መሬቱን ቢያይ ጠብታ የለም። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ሊነዳ ሲገባ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተላተመ። ወንበሩ ወደፊት ተስቧል። ዋሴ ሎጋ ነው፤ ሺምዖን አጭር።

«ይህ ሰውዬ መኪናዬ ውስጥ ይገባል» አላት ለሚስቱ ለሐረጊቱ። ሰው በከንቱ እንዳይጠረጥር መከረችው። እሱ ግን እንቅልፉን ትቶ ሺምዖንን በመስኮት ሲሰልል ከረመ። ሰውየው ደረጃ ላይ ሰላም ቢለው እንኳ «ምን ሠርቶ ይሆን?» አለ በልቡ።

ዓርብ ዕለት መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ፣ ድጋፍ አስገብቶ ከሥሯ ገባ። የታችኛውን ፓምፕ የጎማ ሽፋን ፈልቀቅ ቢያደርገው ዘይቱ እጁ ላይ ተንዠቀዠቀ። ለካ ዘይቱን በሚያግደው፣ በተሰነጠቀው ጎሚኒ እያለፈ እዚያው ሽፋኑ ውስጥ ሲጠራቀም ኖሯል። ከዘይቱ ጥርጣሬ ሺምዖን ነጻ ወጣ። ወንበሩስ?

አዲስ ፓምፕ ካሰረ በኋላ፣ አየሩን ለማስወጣት ፔዳል የሚረግጥለት ሰው አስፈለገውና ሐረጊቱን ጠራት። መሪ ጨብጣ አታውቅም ብሎ የትኛውን እንደምትረግጥ ሊያስረዳት በሩን ይዞ ቆመ። እሷ ግን ቁጭ አለችና እጇን ወደ ወንበሩ ሥር ሰደደች። ማንሻውን ሳትፈልግ አገኘችው፤ ወንበሩ ቀጭ ብሎ ወደፊት ሄደ። ግራ እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ ዐረፈ።

«ማን አስተማረሽ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከዚህ በኋላ አልደበቀችውም። አስተማሪ ይዛ ተምራ፣ ተፈትና ሪሻዮን፣ መንጃ ፈቃድ፣ አውጥታለች። እሱ ሲተኛ የሺምዖን ሚስት ዘሃቫ አጠገቧ እየተቀመጠች እስከ ጀልባ ማቆሚያው ማሪና ትነዳ ነበር። ፍሪሲዮኑንም እኔ አበላሸሁት ብላ ስትሳቀቅ ነው የሰነበተችው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልማር ብዬህ ነበር። በእንግዳ ፊት ሳቅህብኝ።»

ዋሴ አሮጌውን ጎሚኒ አንሥቶ ስንጥቁን አሳያት፤ የዕድሜ እንጂ የእሷ ጥፋት እንዳልሆነ ነገራት። ከዚያ ተመልሶ ከሥር ገባ። «ርገጪ» ሲል ረገጠች፣ «ያዢ» ሲል ያዘች፤ አረፋው አልቆ ጥሩ ዘይት እስኪወርድ ደጋገሙት። ፔዳሉ ጠጠረ።

«አንቺ ንጂ» አላት።

ወደ ባሕር ዳርቻው ወረዱ። ማርሽ በቀየረች ቁጥር ጆሮውን ቢቀስርም የሚነቀፍ ነገር አላገኘባትም። ሰንበት ሳይገባ የሺምዖንን በር ሊያንኳኳ ቆረጠ፤ ምን ብሎ እንደሚጀምር ግን አላወቀም።