የተተፋው ክኒን

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን ረፋዱ ላይ የሺወርቅ የባሏን ጋቢ ልታጥብ ስትዘረጋው፣ ጫፉ ላይ አንድ ቋጠሮ አገኘች። ፈታችው። በምራቅ ርሶ ከክሩ ጋር የተላቆጠ ሮዝ ነገር ጣቷ ላይ ተለጠፈ። አሸተተችው። ማታ ማታ ውሃ ይዛ ቆማ የምታስውጣቸው የልብ ክኒን ነበር።

ባሏ ቄስ ሕሩይ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ይቀድሳሉ። በጥር ወር አዲስ አበባ ሄደው፣ የጠበበው የልባቸው ቧንቧ ውስጡ በተተከሉ፣ መድኃኒት በተቀቡ ሦስት ትናንሽ ብረቶች ተከፍቶላቸዋል። ሐኪሙ ሲሸኛቸው ነገሩን አፍታቶ ነግሯቸው ነበር። «ብረቱ ላይ የተቀባው መድኃኒት ቧንቧው ተመልሶ እንዳይጠብ ያደርጋል። ግን በዚያው ምክንያት ብረቱም ቶሎ ሥጋ አይለብስም፤ እስኪለብስ ደም ሊረጋበት ይችላል። ሳይጠይቁኝ የደም ማቅጠኛውን ክኒን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ።»

የሺወርቅ ቋጠሮውን አፍንጫቸው ሥር ያዘችላቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ቄስ ሕሩይ አላፈሩም። «ድዴን እያደማ አስቸገረኝ፤ ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ አልዋጥኩትም። ደም የሚፈስሰው ቄስ መቅደስ እንዳይገባ ታውቂያለሽ።»

«ታዲያ ፍልሰታን አብረዎት የሚያገለግሉት ቄስ ሀብተ ሚካኤል ቢቀድሱስ?»

«የሱን ድምፅ ማን ይሰማዋል? ሕዝቡ የለመደው የኔን ነው።»

ፈሪሃ እግዚአብሔር ቢሆን በቻለችው። ለድምፃቸው ነው። ከቆረባችሁ በኋላ ምራቅ እንዳትተፉ እያሉ ምእመኑን የሚቆጡት እሳቸው፣ ማታ ማታ ከጉንጫቸው ክኒን እያወጡ ጋቢያቸው ላይ ይቋጥራሉ። ደግሞ ውሃውን ጠጥተው «እግዜር ይስጥሽ» ይሏታል።

«ለሐኪሙ ደውዬ እነግረዋለሁ፤ መላ አያጣም» አለች።

መስቀላቸውን አወጡ። «በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቼሻለሁ። ይህ ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

ግዝት የጣሰ ሰው ሲሞት ፍትሐት አያገኝም ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። ሆድ ይፍጀው ብላ ሦስት ቀን ዝም አለች። እሳቸውንም ራሷንም ተጸየፈች፤ የሚበሉበትን ሳህን እንኳ ለብቻው ታጥብ ጀመር።

ፍልሰታ በተፈታ ዕለት ቄስ ሕሩይ ሕዝቡን መስቀል እያሳለሙ ሳለ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። በባጃጅ ጭነው ሆስፒታል አደረሷቸው፤ ዲያቆናቱና ምእመኑ ክፍሉን ሞሉት። ተረኛው ሐኪም ዶክተር አንዱዓለም ጎንበስ ብሎ ጠየቃቸው።

«አባ፣ የደም ማቅጠኛውን ክኒን አቋርጠው ነበር?»

ላብ አጥምቋቸዋል። በዙሪያቸው የቆመውን ሰው አዩ። «አንድም ቀን» አሉ።

ሐኪሙ ወደ የሺወርቅ ዞረ። ባሏ መስቀሉን ትራሱ ላይ ቀና አደረጉባት። ሊሞቱ ተቃርበው እንኳ ለስማቸው ነው የሚሳሱት። 

«ይዋሻሉ» አለች። «ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ ሲተፉት ነው የከረሙት።»

ሐኪሙ ጊዜ አላጠፋም። ብረቱ ላይ ደም ሳይረጋ እንዳልቀረ ተናግሮ ወደ ጎንደር የሚወስድ አምቡላንስ አስጠራና ክኒኖች አዘዘ። የሺወርቅ ከነርሷ እጅ ተቀብላ አንድ በአንድ አጎረሰቻቸው። ከዚያ ጣቷን አፋቸው ውስጥ ከታ ጉንጫቸውንና የምላሳቸውን ሥር ዳበሰች። ባዶ ነበር።

«እንግዲህ ይፍቱኝ» አለቻቸው።

ምእመኑ ይሰማል። ቄስ ሕሩይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አምቡላንሱ ሲመጣ የሺወርቅ እንደተገዘተች ገብታ ከጎናቸው ተቀመጠች።