የአምስት ቁጥር ሹመት

ኮምፒውተሩ ለአራተኛ ጊዜ «ማተሚያው አልተገኘም» ሲል ሚጢ ጠረጴዛውን በጥፊ አለችው። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የመዋዕለ ሕፃናቱ ንድፍ እስከ አሥር ሰዓት ታትሞ ማዘጋጃ ቤት ካልገባ ውድድሩ ያመልጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው መስመር ስታስተካክል የከረመች ልጅ፣ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ብቻዋን የሠራችው የመጀመሪያ ንድፍ ነው።

የዚህ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ነገር ጉድ ነው። ማሽኖቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ሣጥን፣ ራውተሩ፣ ለየማሽኑ የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር በራሱ ማደል ይችላል። ባለቤቱ ጋሼ ግን «እኔ እያለሁ ሣጥን ነው ቁጥር የሚሰጠው?» ብለው አስዘጉት። ቁጥር የሚያድሉት እሳቸው ናቸው፣ ያውም በማዕረግ! ሁለት የራሳቸው፣ ሦስት የምክትላቸው፤ ሚጢ መጨረሻ ላይ አሥራ አንድ ናት።

«ዛሬ ቁጥር የተቀየረለት ማን ነው?» ብላ ጮኸች።

የግዢ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጠዋት ስሾም ጋሼ አምስትን ሰጡኝ።»

«አምስት እኮ የማተሚያው ነው! ሁለታችሁ በአንድ ቁጥር ተጣላችሁ!»

«ማተሚያ ምን ማዕረግ ያስፈልገዋል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሚጢ ግን እንባዋ መጣ። «በል መልስለት።»

«በተሾምኩ በግማሽ ቀን ልሻር? ሞቼ ነው!»

ሮጣ ጋሼ ክፍል ገባች። «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ራውተሩ ራሱ ያድል። ያኔ ማንም ተሻረ አይባልም።»

«እኔስ ስንት እሆናለሁ?»

«የደረሰዎትን ነዋ!»

ጋሼ ሰዓቱን አዩ፤ እሷንም አዩ። «በይ ክፈቺው፣ ምን አባቱ!»

አምስትን ለማተሚያው ብቻ ለይታ አስቀረችለት። ከዚያ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየሮጠች ማሽኖቹን ሁሉ ከራውተሩ ቁጥር እንዲቀበሉ አደረገች። ማተሚያው አጉረመረመና የመጀመሪያውን ወረቀት ተፋ።

«ተመስገን!» አለች ሚጢ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

ወረቀቱ እየወጣ ሳለ ሁሉም ቁጥሩን ለማየት ተሯሯጠ። ጋሼ አሥራ ሰባት ደርሷቸዋል።

«ሁለትንስ ማን ወሰደው?» አሉ።

«የጽዳት ሠራተኛችን ስልክ!»

ጋሼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ኮታቸውን ለበሱና የተጠቀለለውን ንድፍ ብብታቸው ሥር አደረጉ፤ ንድፍ የሚያስረክቡት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። ዞረው ጥቅሉን ለሚጢ ሰጧት።

«እኔ?» አለች።

«የሠራሽው አንቺ፤ ሌላ ማን ያስረክብልሽ? የማዘጋጃ ቤቱም መዝገብ ላይ የራስሽን ስም አስፍሪ። ሩጪ እንጂ፣ ሩብ ሰዓት ነው የቀረሽ!»

ሚጢ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። ጋሼም ኮታቸውን አውልቀው መልሰው ሰቀሉ።