የክት መድኃኒት

እትዬ መርፌ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። ዛሬ በሁለት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ደረታቸው ሲር ሲር እያለ፣ በልጃቸው ተደግፈው ጤና ጣቢያችን መጡ። በጭንብል መድኃኒት ሰጠናቸውና ትንፋሻቸው ተመለሰ። ሐኪሙ ግን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ።

«በአራተኛው ላንደርስላቸው እንችላለን» አለኝ።

ድንጋጤዬን ንዴት ቀደመው። የአስም ክትትል ነርሷ እኔ ነኝ። በአፍ የሚሳቡትን ሁለቱን የአስም ፓፎች በእጃቸው የሰጠሁ፣ በመዝገቡም ላይ «ተነግሯቸዋል» ብዬ የጻፍኩ እኔ ነኝ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ አልኩ በሆዴ።

«እስቲ መድኃኒቶችዎን ያሳዩኝ፣ እትዬ።»

ሰማያዊው ፓፍ ተሟጦ አልቋል። ቡናማው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ። የጨርቁ ዳር በእጅ ተዘምዝሟል፤ ፓፉ ከነማሸጊያው ነው።

«ይኼንን ለማን ነው የሚያስቀምጡት?»

«ለክፉ ቀን ነዋ፣ ልጄ።»

«ክፉ ቀንማ ሦስቴ መጣ!»

«እሱንስ በሰማያዊውም በእናንተም ተወጣሁት። አንቺው አይደለሽ ‹ዋናው ይኼ ነው፣ እንዳይለይዎ› ያልሽኝ? የክት ልብስ በአዘቦት ይለበሳል እንዴ?»

በእርግጥ ያልኩት ያንኑ ነው። ውጭ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ስለሚጠብቅ ለሁሉም የምለው ያንኑ ነው፤ ጠዋትና ማታ የሚለውን ካርቶኑ ላይ ያነቡታል ብዬ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ። ይኼ የአዘቦት ነው። ቢያምዎም ባያምዎም ጠዋትና ማታ ይስቡታል። ሰማያዊው ነው ሲያፍንዎ ብቻ የሚወጣው።»

«አይ አንቺ! ቀድሞ እንዲህ በልብስ አትነግሪኝም?» ብለው ሳቁ።

እዚያው አስሳብኳቸው። የመጀመሪያው በአፍንጫቸው ሥር ተኖ ቀረ፤ ሦስተኛው ገባ። አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ጨርቁን አጣጥፈው ለእኔ ተዉልኝና ሄዱ።

«ተነግሯቸዋል» የሚለውን ልሰርዝ መዝገቡን ገለጥኩ። ከእሳቸው በላይ ባለው መስመር፣ ባለፈው ዓመት በአስም የሞተው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አለ፤ ስሙ በቀይ ተሰምሮበታል። «መድኃኒቱን አልወሰደም» ይላል፣ በእኔው እጅ ጽሑፍ።

ሚስቱ ቡናማውን ፓፍ ከነማሸጊያው ስትመልስልኝ፣ በግዴለሽነቱ ተናድጄ ነበር።

«ከደረት ኪሱ ለይቶት አያውቅም» ብላኝ ነበር።

ለካ ሰውየው ያልኩትን ነው ያደረገው።